ዳመነች አልፈርምም ያለችው ማመልከቻ

አስቀድሜ ስማቸውን ልጻፍ። ዳመነች፣ ለፋብሪካ ሠራተኛ ድንች ቀቅላ የምትሸጥ፣ ከሀዲያ አገር የመጣች ሴት። ሄራሞ፣ የአገሯ ልጅ፣ ግንበኛ፣ ያኔ ሰዉ በንቀት ጴንጤ ከሚላቸው አንዱ። ባሻ ይመር፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ አባል። ጓድ ፈለቀ፣ የዚያው ሸንጎ ሰብሳቢ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት የመጋዘን ጸሐፊ፣ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ፣ ይህንንም ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልናገር የማላልፍ።

እንድጽፍ ያደረገችኝ የመጨረሻ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ሕንፃ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አነበበችልኝ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። አማርኛ በደንብ ለማይችሉ፣ ከሌላ አገር ተሰደው ለመጡም ጭምር፣ ነፃ የሕግ ምክር ከነአስተርጓሚው እንሰጣለን ይላል።

«አየህ አባዬ፣ በእናንተ ጊዜ ይኼ የት ነበር?» አለችኝ።

«መካኒሳ ነበር» አልኳት።

ሳቀች። ቀልድ መሰላት። እኔ በልጆቼ ፊት ቀልድ እንደማላበዛ ልታውቅ ይገባት ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ለቡ ያኔ ሽንብራና ጤፍ የሚዘራበት እርሻ ነበር። እኔ ከመካኒሳ አቦ በታች ካለው ቤቴ ነፋስ ስልክ መንገድ ላይ እስካለው ፋብሪካ በእግሬ እሄዳለሁ። በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ስለዚህ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሄድና ከፋብሪካው በር አጠገብ ባለው ቧንቧ እግራችንን ታጥበን እንገባለን። እዚያው በር ላይ ዳመነች ትቀመጣለች። ድንቹ ቅርጫት ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ይጨሳል፤ ሚጥሚጣውን ከጨው ጋር በተጠቀለለ ወረቀት ትሰጣለች። በዚያ ብርድ የአንድ ትኩስ ድንች ሙቀት ከመዳፍ ተነስቶ እስከ ክርን ሲደርስ ይታወቃል። አማርኛዋ «ሁለት፣ ሦስት፣ የለም፣ ልጨምር፣ ነገ ክፈል» ከሚለው ብዙም አያልፍም ነበር።

ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ከዘመተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ደብዳቤ የለም። ከሦስት ልጆቿ ጋር በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ትኖራለች። አንድ ቀን ከቀበሌ አንድ ሰው ወረቀትና ቀለም ይዞ መጣና «ስኳር» አላት። ስኳር የሚለውን ቃል ታውቀዋለች፤ ለኅብረት ሱቅ ካርድ መስሏት በጣቷ ፈረመች። ወረቀቱ ግን «ቤቱን በፈቃዴ ለቅቄ ወደ አገሬ ተመልሻለሁ» የሚል ነበር። ቤቱ ለጓድ ፈለቀ የእህት ልጅ እንደታሰበ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ውጪ ተባለች። በዚያ ዝናብ፣ ሦስት ልጅ ይዛ።

ሄራሞ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ይዟት መጣ።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ ራሱ ላይ የደፋውን ጆንያ እያራገፈ፣ «አዋጅ ታነባለህ ይላሉ። እውነት ነው ወይስ ለልጃገረድ የምታወራው ነው?»

እውነት ነበር። የከተማ ቤቱን አዋጅ የያዘውን ነጋሪት ጋዜጣ ገዝቼ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ለብጄ፣ ከፍራሼ ሥር አኖረው ነበር። ገልጬ አነበብኩላቸው። እንደተረዳሁት ተከራይን ያለ ሸንጎ ውሳኔ ማስወጣት አይቻልም። ሸንጎው ደግሞ ገና አላያትም። ማመልከቻ ማስገባት ትችላለች፤ የምጽፍላትም በነፃ ነው አልኳቸው። ለመጻፍ ገንዘብ አልቀበልም ነበር። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ መመስገን ስለምወድ ነው። ይህን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ብዕሬን አነሳሁ። ፍርድ ቤት ደጅ ከሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች የተማርኩት አጻጻፍ ነበረኝና ወረቀቱን በእሱ ሞላሁት። «እኔ ምስኪኗና ረዳት የለሿ አመልካች፣ ከጓዶች እግር ሥር ወድቄ፣ አላዋቂነቴ ታይቶ ምሕረት ይደረግልኝ ዘንድ እንባዬን እያፈሰስኩ…» እያለ ይሄዳል። ጨርሼ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሄራሞ በሀዲይኛ ተረጎመላት። ዳመነች እስከ መጨረሻው ሰማችና አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?»

«‘መቼ ነው የወደቅሁት?’ ትላለች።»

«አነጋገር ነው በላት።»

ነገራት። እንደገና ተናገረች፤ አሁን ሄራሞ ሳቁን መቻል አቃተው።

«‘ማን ነው ያለቀሰው?’ ትላለች። ‘እኔ አላለቀስኩም፣ ተናድጃለሁ። ተናዳለች ብሎ ይጻፍ።’»

«ጋሼ ሄራሞ፣ ማመልከቻ የሚጻፈው እንዲህ ነው። ሳይለምን የሚሰማው ሰው የለም። ፈርሚ በላትና እንጨርስ» አልኩ።

ሲነግራት አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተች። ረጅም ንግግር ተናገረች። ሄራሞ መሳቁን ተወ።

«‘ያኛውም ሰው እንዲህ ነው የሚደረገው ብሎ ነው ያስፈረመኝ’ ትላለች። ‘እሱ የማላውቀውን ቃል አስፈረመኝ፤ አንተም የማላውቀውን ቃል ልታስፈርመኝ ነው። የእሱ ወረቀት ቤቴን ወሰደ። ያንተስ ምን ሊወስድ ነው?’»

ደሜ ፈላ። በነፃ እየጻፍኩላት! ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ ብዬ ብዕሬን ከደንኩ። እሷ ግን አልተነሳችም። ከጉያዋ የኪራይ ደረሰኞቿን አወጣችና አልጋዬ ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። የጎደለ ወር አልነበረም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እነዚያን ደረሰኞች ሳይ ነው የገባኝ፦ ይህች ሴት ምስኪን አይደለችም። ኪራይዋን የከፈለች፣ ባሏን ለግንባር የሰጠች፣ ምንም ያላጠፋች ሰው ናት። ምስኪን ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ምስኪን ስትሆን እኔ ትልቅ ሰው ስለምሆን።

የከደንኩትን ብዕር ከፈትኩ። ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት፤ እሷ ራሷ በአማርኛ ልትለው ያልቻለችው ቃል ወረቀቱ ላይ አይገባም። አንድ ቃል እላለሁ፣ ሄራሞ ይተረጉማል፣ እሷ ትጠይቃለች፣ ከዚያ በአፏ ትሞክረዋለች። ካልወጣላት እሰርዛለሁ። «ይኸውም» ተሰረዘ። «በመሆኑም» ተሰረዘ። እንዴት እንዳዘንኩላቸው! አራት ጊዜ ገለበጥኩት። በመጨረሻ የቀረው ይህ ብቻ ነበር፦

«ባሌ ግንባር ነው። ኪራይ በየወሩ ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ይኸው። ስፈርም ስኳር ነው ተባልኩ፣ በቋንቋዬ የነገረኝ ሰው የለም። ከቤቴ አልወጣም።»

የመጨረሻዋን «እንዳልወጣ ይወሰንልኝ» ላደርጋት ሞከርኩ። ራሷን ነቀነቀች። «አልወጣም» አለች በአማርኛ። ከዚያ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ፈረመች።

ሸንጎው የተሰየመው በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ነው። ሰዉ ሁሉ እርጥብ ልብሱን ለብሶ ታጭቋል፤ አዳራሹ እርጥብ ጋቢ ጋቢ ይሸታል። እንደ ወጉ መጀመሪያ መፈክር ነበር። ሁላችንም ተነስተን ግራ እጃችንን አነሳን። ሄራሞ ተነሳ፤ እጁን ግን አላነሳም።

ጓድ ፈለቀ አየው። «አስተርጓሚ ነኝ ያልከው፣ እጅህን ምን ነካው?»

«ምንም አልነካውም ጓድ። ትናንት ግንብ ሲሠራ ነው የዋለው።»

«ታዲያ አንሳዋ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እምነቴ አይፈቅድልኝም።»

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክንዱን ይዘው አወጡት። እውነቱን ልናገር፤ ያን ሰዓት የእኔ እጅ ከሁሉም ይልቅ ከፍ ብሎ ነበር፣ የእኔም ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። ሲያልፍ በዓይኑ አየኝ። አቀረቀርኩ። ለልጆቼ ስለ ድፍረት ስናገር ይህን ዘልዬ ኖሬአለሁ። ከዛሬ ወዲያ አልዘለውም።

«አስተርጓሚ የለም» አለ ጓድ ፈለቀ። «አመልካቿ በአማርኛ ትናገር። ካልቻለች መዝገቡ ይዘጋል።»

ዳመነች ተነሳች። ቃል በቃል ያንን ማመልከቻ ተናገረችው። አራት ጊዜ ስገለብጠው በአፏ እየሞከረች በቃሏ ይዛዋለች። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት እንባና እግር ቢሆን ኖሮ አንድ መስመር እንኳ ባልወጣት ነበር። «ከቤቴ አልወጣም» ብላ ጨረሰችና እንደቆመች ቀረች።

ጓድ ፈለቀ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው! አማርኛ ታውቂያለሽ እኮ! ያንንም ወረቀት አውቀሽ ነዋ የፈረምሽው!»

ምን እንዳላት አልገባትም። ስለዚህ ማመልከቻውን ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው፤ «ባሌ ግንባር ነው…» ከኋላ አንዳንድ ሰው ሳቀ። ባሻ ይመር ግን አልሳቁም። በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«ቆይ ጓድ ሰብሳቢ፣ እኔ ልጠይቃት። ልጄ፣ ‘በፈቃዴ’ ማለት ምንድን ነው?»

አሰበች። «አላውቅም» አለች።

«ስትፈርም በቋንቋዋ የነገራት ማን ነው? እዚህ ካለ ይነሳ።» ያ ስኳር ያላት ሰው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። አልተነሳም። ባሻ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «እኔም ማንበብ ሳልችል በጣቴ ፈርሜ መሬት የቀረብኝ ሰው ነኝ። እሷን የሚያስወጣ ውሳኔ አልፈርምም።»

ያን ጊዜ ነው እኔም የተነሳሁት። ዘግይቼ፣ አዋጁን ገልጬ ያችን አንቀጽ አነበብኩ። ሦስተኛዋ የሸንጎ አባል፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልወጣት የሴቶች ማኅበር ተወካይ፣ ከባሻ ጋር እጇን አወጣች። ሁለት ለአንድ። ወረቀቱ ውድቅ ተደረገ፤ ዳመነች ከቤቷ አልወጣችም።

ልጄ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «ለአንዲት ክፍል ቤት ይህን ያህል?» አለችኝ። አዎ፣ ለአንዲት ክፍል ቤት። ሕግ የሚታወቀው በአንዲት ክፍል ቤት ነው እንጂ በአደባባይ ንግግር አይደለም። ሰውን እንረዳለን የምትሉ ልጆቼ ሁሉ ይህን ስሙኝ፤ በገዛ አፉ ሊለው የማይችለውን ነገር በስሙ አትጻፉለት። ወረቀት ላይ ያንበረከካችሁት ሰው ዳኛ ፊት ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም። ይህን ያስተማረችኝ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ሳስብበት ዛሬም ያሳፍረኛል፣ ዛሬም ያኮራኛል።

ልጄ ዋጋውንም ጠይቃኛለችና ነግሬአታለሁ። የዳመነች ባል ከግንባር አልተመለሰም፤ እሱ የሌላ ሒሳብ ስለሆነ እዚህ አልደምረውም። ሄራሞ እጁን ባለማንሳቱ መቶ ቀን ታሰረ፤ ሲወጣ ሁለት ጥርሱ የለም። ባሻ ይመር በሚቀጥለው ምርጫ ወንበራቸውን አጡ። እኔ በመስከረም ከሥራ ተባረርኩ፤ ማመልከቻውን የገለበጥኩበት ወረቀት የፋብሪካው ነበርና ሰረቀ ተባልኩ፤ ሰርቄአለሁም፣ አራት ሉክ። ዳመነች የኅብረት ሱቅ ካርዷ «ጠፋ» ተብሎ አሥራ አራት ወር ስኳርና ዘይት አልቀመሰችም። ጓድ ፈለቀ ያጣው አንዲት ክፍል ቤት ነው፤ እሷም የእሱ ያልነበረች።