ማኅተም የበዛበት ደብዳቤ

ነቀምቴ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የእርሻ ቢሮው ኃላፊ ግራዝማች ወልደ ጊዮርጊስ መጀመሪያ ያስረከቡኝ የመጋዘን ቁልፍ ነበር። ውስጡ በእጅ የሚዞሩ የበቆሎ መፈልፈያዎች ከነሣጥናቸው ተደርድረዋል።

«እነዚህን ለየመንደሩ ታድላለህ፣ አሠራራቸውን ታሳያለህ፣ ሪፖርት ትጽፋለህ። ሥራህ ይኸው ነው» አሉኝ።

ከውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ የመጋዘን ቁልፍ ይጠብቀኛል ብዬ አላሰብኩም። ፊቴን አይተው «ምነው፣ ቁልፉ ከበደህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። መሣሪያውን በላንድሮቨር ጭኜ ዲጋ ወይም አኖ ወደሚባሉ መንደሮች እወርዳለሁ። ብሎኑን አጠብቃለሁ፣ ጥርሱን ግራሶ እቀባለሁ፣ የደረቀ በቆሎ በአፉ ከትቼ እጀታውን አዞራለሁ። ፍሬው በአንድ በኩል፣ ቆረቆንዳው በሌላ በኩል ይወጣል። ሰዉ ይገረማል። ከወራት በኋላ ተመልሼ «እንዴት ነው?» ስል፣ «ጋሪዳ! በጣም ጥሩ ነው» ይሉኛል። እኔም «ተቀባይነት አግኝቷል» ብዬ ሪፖርቴን እጽፋለሁ። ሁላችንም ደስ ብሎን እንለያያለን።

ሁለት ዓመት እንደሠራሁ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ቴክኖሎጂ ለድሃ አገር ዕድገት ስለሚሰጠው ጥቅም በዶክትሬት ደረጃ እንዳጠና ተፈቅዶልኛል። አማካሪ ፕሮፌሰር የማፈላለጉ ነገር ግን የራሴ ፋንታ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ፕሮፌሰር «ተቀብዬዋለሁ» ብሎ ካልጻፈልኝ ዕድሉ ለሌላ ሰው ያልፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ነገር ነበርና ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ግራዝማችም ከልባቸው ደስ አላቸው። «ደብዳቤው ወግ ያለው መሆን አለበት፤ ትልቅ ሰው ፊት ባዶ እጅ አይቀረብም» አሉ። እኛ ለባለሥልጣን አቤቱታ የምንጽፈው እንዴት ነው? መጀመሪያ ሰውየውን እናወድሳለን፣ ቀጥሎ የራሳችንን ጨዋነት እንመሰክራለን፣ ጉዳያችንን እጫፉ ላይ ጣል እናደርጋለን። በእንግሊዝኛም እንደዚያው ጻፍኩት። ሁለት ገጽ ሙሉ የምጽፍለትን ፕሮፌሰር ዕውቀት አወደስኩ። የግራዝማችን ምስክርነት፣ የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ምስክርነት፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ምስክርነት ሁሉንም ማኅተም አስመትቼ አያያዝኩ። ስለማጠናው ነገር የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ለሦስት ፕሮፌሰሮች ላክሁ። አንዱ አልመለሰም። ሁለተኛው ስለ መልካም ጠባዬ እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ ዝም አለ። ሦስተኛው፣ እንግሊዝ አገር ያለው፣ እንዲህ ጻፈልኝ፦ «በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ እኔ ብዙ አነበብኩ። ጥያቄዎን ግን ፈልጌ አጣሁት።»

ተናደድኩ። ባለጌ ነው አልኩ። ግራዝማችም «ያልታደለ!» ብለው አገዙኝ። ንዴቴን ይዤ ዲጋ ወረድኩ።

የዲጋውን መፈልፈያ ያስቀመጥኩት አዴ ጫልቱ ከሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ዘንድ ነበር። የዚያን ቀን ሳይጠብቁኝ ደረስኩ። መሣሪያው ጎተራው ሥር፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ጨርቁን ስገልጠው የዛሬ ዓመት የቀባሁት ግራሶ እንዳለ አለ። አንድ ራስ በቆሎ አላለፈበትም። በሪፖርቴ ግን ዲጋ «በከፍተኛ ደረጃ ተቀባይነት» ያገኘበት ቦታ ነው። አፈርኩ፤ በዚያው ደግሞ ሳቄ መጣ።

«አዴ፣ ለምን አልሠሩበትም?»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ በቆሎ የምንፈለፍለው በደቦ ነው» አሉኝ። «እኔ የጎረቤቶቼን በቆሎ ስፈለፍል እከርማለሁ። እነሱ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ በሬ ጠምደው ያርሱልኛል። ባል የለኝ፣ በሬ የለኝ። የነሱን በቆሎ መሣሪያህ ከፈለፈለላቸው፣ የእኔን መሬት ማን ያርሰዋል?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ጥሩ ነው ሲሉኝ የነበረው?»

«ጥሩ ነዋ! ከሩቅ ተሸክመህ ያመጣኸውን እቃ ፊትህ ላይ ልንነቅፈው ነው? ምን ዓይነት ሰዎች ልትለን?»

ወደ ነቀምቴ ስመለስ ንዴቴ ጠፍቶ ነበር። የዲጋ ሰዎች ለኔ ያደረጉትን እኔም ለፕሮፌሰሩ አድርጌዋለሁ። አክብሮቱን አብዝቼ ጉዳዩን በጨርቅ ሸፍኜ ነበር የላክሁት።

በማግሥቱ እንግሊዝ አገር ላለው ፕሮፌሰር እንደገና ልጽፍ ታይፑ ፊት ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የአዴ ጫልቱን ጥያቄ እንዳለ ጻፍኩት። ቀጥሎ ያየሁትን፣ ቀጥሎ ሪፖርቴ ሐሰት እንደነበረ፣ መጨረሻ ላይ ማጥናት የምፈልገው ይህንኑ እንደሆነ። ገጹ አልሞላም። ግራዝማች አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ደብዳቤ ነው? ራቁቱን ነው እንጂ! ማኅተም እንኳ የለውም።»

«የለውም፣ ጌታዬ።»

«ሪፖርቱም ሐሰት ነበር ነው የምትለው?»

«አዎ።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። «ላከው። የኔንም ሰላምታ ጨምርበት» አሉ። ሰላምታቸውን ግን አልጨመርኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አስጨናቂ ነበር። ፖስታ ቤት መመላለሴ ስለበዛ ጸሐፊው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ተስፋ ልቆርጥ ደርሼ ነበር። አንድ ቀን ጸሐፊው ራሱን አልነቀነቀም።

የፕሮፌሰሩ መልስ አጭር ነበር። «የሴትዮዋን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን አላውቅም። እርስዎ ሊፈልጉት ከቆረጡ አብሬዎት እፈልጋለሁና በተማሪነት ተቀብዬዎታለሁ።» እዚያው ፖስታ ቤቱ በር ላይ አለቀስኩ።

ከመሄዴ በፊት አዴ ጫልቱን ልሰናበት ዲጋ ወረድኩ። እርሻቸው ላይ ሁለት ጥማድ በሬ እየሠራ ነበር። ፕሮፌሰሩ ጥያቄያቸውን አንብቦ እንደተቀበለኝ አስረዳኋቸው።

«መልሱን ያውቀዋል?» አሉኝ።

«አያውቀውም።»

«እንግዲያ ምን ሊያደርግልህ ነው?»

«አብሮኝ ሊፈልግ ነው።»

«እሱማ ደቦ ነው» አሉ፣ ወደሚያርሱት ሰዎች እያዩ። «ዛሬ እሱ ላንተ ደቦ ገብቷል። ተራህ ሲደርስ እንዳትቀር።»

ተራዬ ደርሶ ብዙ ተማሪዎች አማክሬያለሁ። አማካሪ ፍለጋ የምስክር ወረቀት ተሸክሞ ለሚመጣ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ጥያቄህን መጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍ።