በደረቁ የተመታው ኩሽኔታ

ባሌ ሆራስ ጡረታ ከወጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አንድ ቀን አላረፍኩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚሁ ኮቨንትሪ፣ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ኩሽኔታ፣ ያንን ጎማ የሚያሽከረክረውን የብረት ቀለበት፣ ሲመታ ኖረ። የኋላ ጎማ የሚሸከመው የብረት ክንድ ይመጣለታል፤ ቀዳዳውን ግራሶ ይቀባል፤ ኩሽኔታውን ከትቶ ይመታል፤ ቀጣዩ ይመጣል። ይኼው ነው ሥራው። እሱ ሲያወራው ግን የከተማውን ካቴድራል ብቻውን ያቆመ ነው የሚመስለው።

"ከእጄ የወጣ ሥራ ተመልሶ አያውቅም" ይላል። በሰርጋችን ቀን ብሎታል፤ በእናቴ ቀብርም ብሎታል።

እዚያ ፋብሪካ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ምልክት ነበረው። ኩሽኔታው ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው ውስጥ፣ ከበስተኋላ በኩል፣ በሹል ብረት ይመታታል። የሆራስ ሦስት ነጥብና አንድ ጭረት ናት። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ። አካፋችን ላይ አለች፣ የቆሻሻ በርሜሉ ክዳን ላይ አለች፣ የመጥበሻዬ ቂጥ ላይ ሳይቀር አለች። እኔን የተወኝ ዝም ብዬ ስለማልቆምለት ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ከዚያው ፋብሪካ የወጣች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ትንሽ መኪና ገዛ። አንድ ላይ የያዛት ዝገቱ ነው። ፈታታትና የቀኙ ክንድ ላይ ሲደርስ ኩሽኔታው አልወጣም አለ። በመዶሻ ቢለው፣ በመሮ ቢለው፣ ወይ ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ!

"በደረቁ ነው የመታው!" እያለ ጮኸ። "ጠብታ ግራሶ ሳይቀባ! ይኼ አህያ!"

"ማን?" አልኩት፣ ማንን እንደሚል እያወቅኩ።

"ማን ይሆናል? ሲሪል ነዋ!"

ሲሪል ያኔ ከጎኑ ቆሞ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። አንድ ሰሞን በደረቁ የተመቱ ክንዶች ከገበያ ተመለሱ። አለቃው "ማነው?" ሲል ሆራስ ጣቱን ሲሪል ላይ ቀሰረ። ምልክቱን ልይ ያለ አልነበረም፤ ኩሽኔታውን ማን ያወጣዋል? ሲሪል መጥረጊያ ተሰጠውና አራት ዓመት ወለል ጠረገ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፤ በየዓመቱ ግን የፋብሪካው ጡረተኞች ቁርስ ላይ ሲሰበሰቡ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቋሊማ ይበላሉ።

"ዘንድሮ ቁርሱ ላይ ቆሜ፣ ማስረጃዬን ይዤ፣ ስሙን እጠራዋለሁ" አለ ሆራስ። ለሠፈሩ ሁሉ አወራ። ፖስተኛዋ እንኳ ቀኑ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ቁርሱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የብረቱን ክንድ ምድጃዬ ውስጥ ከትቶ አጋለው። የእሁዱ ጥብስ የሞተር ዘይት ዘይት አለ።

"ምን ጎደለው?" አለኝ እያላመጠ።

"ምንም። ጎማ ብቻ።"

ኩሽኔታውን መደብደብ በጀመረ በሃያ ሁለተኛው ቀን የብየዳ ማሽን ተውሶ የኩሽኔታውን የውስጥ ዙሪያ በየደውና ሻይ ሊጠጣ ገባ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ኖሮ፣ ስንመለስ መሬት ላይ ወድቆ ጠበቀን። ያን ሁሉ ቀን ሲደበድቡት እምቢ ያለው ሲተዉት ወጣ።

ሆራስ እየዘፈነ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠረገ። ባትሪ አበራበት። ከዚያ ዝም አለ። ሆራስ ዝም ካለ ሐኪም ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ ሄጄ አየሁ። ሦስት ነጥብና አንድ ጭረት።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ዋጥኩት። አመድ መስሏል። አሳዘነኝ፤ ደግሞም በጣም ተናደድኩበት።

"የሻይ ሰዓት ደርሶብኝ ይሆናላ" አለ ቀስ ብሎ። "አንዳንዴ እንቸኩል ነበር።"

"ሰውየው አራት ዓመት ወለል ጠርጓል፣ ሆራስ።"

ክንዱን በጨርቁ ሸፈነው። "ጓሮ ቆፍረን ብንቀብረውስ?" አለኝ።

"አካፋውም ላይ ምልክትህ አለች" አልኩት።

የቁርሱ ዕለት የብረቱን ክንድ በወጥ ቤት ፎጣዬ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ ገባ። ወሬው ቀድሞት ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ፎጣውን አየ። ሲሪል አንገቱን ደፍቶ እንቁላሉን ይቆርጣል። ሆራስ ተነሳ። ክንዱን ባቄላው አጠገብ አስቀመጠው።

"በደረቁ የመታው ሆራስ ፒልቢም ነው" አለ። "ያኔም እኔው ነኝ ማለት ነው። ሲሪል አይደለም። በውሸት ነው የጠቆምኩበት።"

ሲሪል ክንዱን ሳበና ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ።

"ለማውጣት ስንት ቀን ፈጀብህ?"

"ሃያ ሁለት።"

"ይበልህ!" አለው። ከዚያ የጆሮ መስሚያውን አወለቀና ሳህኑ ጎን አስቀመጠው። "አልሰማሁም። ድገመው።"

አራት ጊዜ አስደገመው፤ ወለል ለጠረገበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ። ሆራስም እንደቆመ ደገመለት፤ እንቁላሉም ቀዘቀዘ።