አራት ወር በሞንቴሬይ ተራሮች መካከል

የማቀዝቀዣ ጥገና ሥራ የጀመርኩት ጆሃንስበርግ ዳር ባለው አይቮሪ ፓርክ፣ በአጎቴ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ነው። የመጠጡ ፍሪጅ ቆመና ሰፈሩ ሁሉ ባባ የሚላቸው ሽማግሌ ቴክኒሻን ሊጠግኑት መጡ። ባትሪ አበራሁላቸው። ጨርሰው ሲወጡ «ባባ፣ ይህን ሥራ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«ሰኞ ና» አሉኝ። ሰኞ ኮንደንሰር፣ ከፍሪጁ ኋላ ያለውን ሙቀት ማውጫ፣ በብሩሽ ሳጥብ ዋልኩ።

ሥራውን በጀመርኩ በዘጠነኛው ዓመት ከባባ ጋር የምሠራበት ድርጅት በአዲሱ የማቀዝቀዣ ጋዝ አሞላል እንድሠለጥን ለሦስት ሳምንት ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬይ ላከኝ። ከተማዋ ትልቅ ናት፤ ዙሪያዋ ተራራ ነው። በየትኛውም መንገድ ብትታጠፉ መጨረሻው ላይ ገደል ቆሟል። አንደኛው ተራራ ኮርቻ ይመስላል፤ የሚጠራውም በዚያው ነው። የመጀመሪያው እሑድ አሠልጣኛችን ዶን ራሞን ወደ ተራራው ግርጌ ወስደውኝ በሎሚና በሚጥሚጣ የታሸ በቆሎ ጋበዙኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ኮሮና መጣና በረራ ቆመ። ሆቴሉም ተዘጋ። ሻንጣዬን ይዤ ደጅ ስቆም ዶን ራሞን መኪናቸውን አቆሙ።

«ልጄ አግብታ ወጥታለች፤ ክፍሏ ባዶ ነው» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«እስከ መቼ እንደምቆይ አላውቅም።»

«እኔም አልጠየቅኩህም።»

በሁለተኛው ወር ዶን ራሞን ራሳቸው ታመሙ። ምግባቸውን በራቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ የምንነጋገረው በስልክ ነው። አንድ ጠዋት ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ ተደወለላቸው፤ የኢንሱሊኑ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ አቁሟል።

«አንተ ሂድ» አሉኝ እየሳሉ።

«ስፓኒሽ አልችልም።»

«ፍሪጁም አይችልም።»

ስደርስ ኢንሱሊኑ በረዶ በያዘ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ በረዶው እየቀለጠ ነው። የቀረውን ጋዝ አውጥቼ ናይትሮጅን ነፋሁና የሚያፈስበትን ቦታ በሳሙና ውሃ ፈለግኩ። የመዳብ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ አረፋ ወጣ። በየድኩት፤ ከቱቦው አየርና እርጥበት የሚመጠውን ቫኪዩም ፓምፕ ሰካሁ።

ነርሷ ሰዓቷን እያሳየች አጣደፈችኝ። ጋዙን ያኔውኑ ብሞላ ደስ ባላት። ግን ውስጡ እርጥበት ከቀረ ቀጭኑ ቱቦ ይደፈናል፤ ፍሪጁም ነገ ይቆማል። ይህን የማስረዳበት ቋንቋ የለኝም። ለዶን ራሞን ደውዬ ስልኩን ሰጠኋት። ጥቂት አዳመጠች፤ ከዚያ በረዶ እንዲጨመር ሰው ላከችና ለእኔ ወንበር አመጣችልኝ።

ፓምፑ ሲጨርስ ጋዙን ሞላሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ አምስት ዲግሪ ላይ ረጋ። ነርሷ መድኃኒቱን መልሳ ስትደረድር መሣሪያዎቼን ሰበሰብኩ።

ቤት ስመለስ «ምን ብለዋት ነው?» ስል ጠየቅኳቸው።

«የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቆዪ ካለሽ ቆዪ አልኳት» አሉ ከበሩ ወዲያ።

ዶን ራሞን ዳኑ። በረራ እስኪከፈት ድረስ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዤ አብሬያቸው ሠራሁ። ጆሃንስበርግ ስገባ ባባ አየር ማረፊያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ለሁለቱም ሰዎች ያለኝን ምስጋና ተናግሬ አልጨርሰውም።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው፦ ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ችግር ላይ ወድቆ ካገኛችሁት መኝታ ስጡት። ሥራም ስጡት።