ቤቴ የጠፋበት ፕላን

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሌላ ሰው አላማም። ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው ቤቴ ጀርባ ጌሾና ድንች የተከልኩበት ሰፊ ጓሮ አለኝ፤ እሱ ግን «ጦሙን ያደረ ቦታ» ይለዋል። ከገበያ ስመለስ ጓሮዬን ሁሉ ችካል ተክሎበት፣ ያሠራውን ፕላን ድንቼ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ይኸ የትልቁ ልጄ ቤት፣ ይኸ የትንሹ፣ ይኸ የእህታቸው።»

መኪና ለሌላቸው ልጆች የመኪና ማቆሚያ ሳይቀር ተነድፏል። እኔ የምኖርበት ቤት ግን የለም።

«የእኔስ?»

«እሱማ ፈርሶ መግቢያ ይሆናል። አንቺ ምን ቸገረሽ? ከልጆቹ ጋር በየወሩ እየዞርሽ ትኖሪያለሽ።»



«ወንድም ጋሼ፣ ከቤት ቤት የሚዞረው የማኅበር ጽዋ ነው፤ እሱንም ባለተራው ደግሶ ነው የሚቀበለው። ችካልህን ንቀል፤ እምቢ ካልክ የመጀመሪያው ተራ ያንተ ነውና ደግሰህ ጠብቀኝ!»