ጥዱ የጠገበበት ክረምት

ፍኖተ ሰላም ያሉ ጎረቤቶቼ «ዛፍ ሐኪም» ይሉኛል። የምሠራው ግን ከዛፍ ግንድ ውስጥ የድሮ ዝናብ መፈለግ ነው። ጥድ በየክረምቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዝናብ ከጠገበ ቀለበቱ ሰፊ፣ ዝናብ ከከዳው ቀጭን ይሆናል። ዛፉ አይቆረጥም፤ በመሰርሰሪያ እርሳስ የምታክል ዘንግ ከግንዱ ይወጣል። ሥራው ይኸው ነው፤ ለሠርግ ቤት ጨዋታ አይሆንም።

በእኛ አገር አሮጌ ጥድ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለሆነ፣ ፈረስ ቤት አጠገብ ኮረብታ ላይ ወዳለ ደብር ሄጄ ለመንኩ። ሽማግሌዎቹ መክረው ፈቀዱ፤ ቀዳዳውን ሁሉ በጧፍ ሰም ልደፍን ግን ቃል አስገቡኝ። ደፈንኩ። ገበዙ እየዞሩ ሰሙን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ካዩ በኋላ አሰናበቱኝ።

አባቴ የተወለዱት እዚያው ደብር ሥር ነው። በልጅነታቸው እናታቸው ቡሬ አጠገብ ለነበሩ አክስታቸው ሰጧቸው፤ አውኛ የለመዱትም እዚያ ነው። «ዝናብ ጠፍቶ ነው» ተባሉ። ሌሎቹ ልጆች እቤት ቀሩ። አባቴ ይህን ነገር ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም፤ መሰርሰሪያዬን ካዩ ወዲህ ግን መቀመጫ ነሱኝ።

«እኔ ለአክስቴ የተሰጠሁበትን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የለበሰበትን ዘመነ ዮሐንስ እይልኝ» አሉኝ።

ዓመት በወንጌላዊ ስም በሚጠራበት አገር፣ ዮሐንስ የሚመለሰው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ቆርቆሮው ከተጨመረበት ዓመቱ አይጠፋም። ገበዙም ያንኑ ዓመት ነገሩኝ።

የዚያን ዓመት ቀለበት በማጉያ አየሁት። ሰፊ ነው። የሌሎቹን ጥዶች አየሁ፤ እነሱም ጠግበዋል። ያን ቀን ሙያዬን ጠላሁት።

አባቴ በረንዳ ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

«እህሳ፣ ቀጭን ነው?»

«ሰፊ ነው፣ አባባ። ከኮረብታው አናት ያለው ጥድም፣ ሌሎቹም።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«እነዚያማ ጠበል አጠገብ የበቀሉ ናቸው፤ ምን ይጎድልባቸዋል? የተጠማው የእናቴ እርሻ ነው።»

ኮረብታው ድንጋይ ነው፤ እነዚያን ጥዶች የመረጥኳቸው ከዝናብ በቀር ሌላ ውሃ ስለማያገኙ ነው። ጠበሉ ከሸለቆው ማዶ ነው። እዚያ አገር የተወለዱት እሳቸው ናቸውና ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

«እውነትዎን ነው» አልኳቸው። «ጠበሉ ደርሷቸው ነው።»