ድንኳን ውስጥ ያገሳው ላፕቶፕ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ላፕቶፕ በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝና ሌላም ሰው ሊማርበት ስለሚችል እጽፈዋለሁ።

የምኖረው ነፋስ ስልክ ነው። የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ብየዳውንም ሆነ የቤት መብራት መዘርጋቱን የተማርኩት ሰው ሲሠራ ቆሜ እያየሁ ነው። ልጄ ሳምራዊት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ፕሮግራመር ስትሆን መጻሕፍቷ ቤት ቀሩ። መጽሐፍ ዝም ብሎ አቧራ ሲጠጣ አልወድም። አንዱን አንስቼ ጀመርኩት። እንግሊዝኛው አስቸግሮኝ ነበር፤ የፕሮግራም ቋንቋው ግን ቃላቱ ጥቂት ናቸው። በእሷ አሮጌ ኮምፒውተር እየሞከርኩ፣ ያልገባኝን እየጠየቅኋት ቀስ በቀስ ቻልኩ። መማር የሚፈልግ ሰው ዕድሜን ሰበብ አያደርግም።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስም እጠራለሁ፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ችግሩ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ስማቸው ሲጠራ አይሰሙም። ሲለፉ ውለው ቀሪ ይባላሉ። እማማ የሺ በዚህ ተቀጥተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ስለዚህ ሥራ ላይ የተመደበ ሰው አስቀድሞ የሚመዘገብበትና ቀሪ የማይባልበት ፕሮግራም ጻፍኩ።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ወርቁ በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ "ይሄ በወረቀት አይቻልም?" አሉኝ።

"ይቻላል። ግን እንረሳለን" አልኳቸው።

"እንግዲያው አንድ ለቅሶ ላይ እንሞክረው። ካላማረ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን፤ ዳግመኛም አይነሳም።"

በዚያው ስብሰባ ሌሎች ሁለት ነገሮች ተወስነዋል። አንደኛው፣ ለቅሶ ቤት ስልኩን ያስጮኸ አባል እንዲቀጣ ነው። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው፣ ቢኒያም የሚባል የሰፈራችን ወጣት የእድሩን ክፍል ለጌም ቤት እንድናከራየው ጠይቆ ተከለከለ። እሱንም የተቃወምኩት እኔ ነኝ። "ጨዋታ ያሳደገው ልጅ ለቁም ነገር አይሆንም" ብዬ ረዘም ያለ ንግግር አድርጌያለሁ።

አሮጌው ኮምፒውተር ባትሪው ስለሞተ ላፕቶፕ ልገዛ ከሳምራዊት ጋር ሄድን። ሻጩ ጸጉሩን አፍሮ ያደረገ ልጅ ነው።

"ፋዘር፣ ለልጅዎ ነው?"

"ለራሴ ነው።"

"አሪፍ! ምን ዓይነት ጌም ይወዳሉ?"

ሳምራዊት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር።

ለፕሮግራም ሥራ እንደሆነ ስነግረው ሁለት ላፕቶፖች አወጣ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አንዱ ዎርክስቴሽን የሚሉት፣ ለከባድ ሥራ የተሠራ ነው፤ ያገለገለ፣ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው። አነሳሁት፤ እንደ ጥሩ ብረት ይከብዳል። ወደድኩት። ሌላው የጌም ነው። አዲስ ነው፤ ክዳኑ ላይ አፉን የከፈተ የአውሬ ራስ አለ፤ ቁልፎቹ ቀይ ያበራሉ።

"አባዬ፣ የጌሙ ይሻልሃል" አለች ሳምራዊት።

"ይሄ? በእኔ ዕድሜ?"

"ዎርክስቴሽኑ ውድ የሆነው በግራፊክስ ካርዱ ነው። እሱ የሕንፃ ንድፍ ለሚሠሩ ነው የሚጠቅመው። የጌሙ ፕሮሰሰሩ አዲስ ነው፤ ባትሪውም ያልደከመ ነው። አንተ ራስህ ለማትጠቀምበት ነገር አትክፈል ትል የለም?"

እላለሁ። ለደንበኞቼም ለቤታቸው የማያስፈልግ ወፍራም ብረት አልሸጥም። የራሴን ምክር ከሰው አፍ ስሰማ መቀበል ነበረብኝ። የጌሙን ገዛሁ። ቤት ስደርስ ግን አውሬውን በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩት። መብራቱንም አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስሠራ አምሽቼ ክዳኑን ብቻ እዘጋለሁ እንጂ ላፕቶፑን ጨርሼ አጥፍቼው አላውቅም።

ከሳምንታት በኋላ አንድ የእድራችን አባል አረፉ። መካኒሳ አቦ ቀብረን ወደ ድንኳኑ ተመለስን። ባትሪው እንዳይባክን ብዬ ጠዋት ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼው ነበር። ጥንቃቄ ማድረጌ ነው። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጋሽ ወርቁ ተነስተው ስም ጥሪው ዛሬ በአዲስ ዘዴ እንደሚሆን ተናገሩ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ላፕቶፑ አገሳ።

ሌላ ቃል የለኝም። አንበሳ ከነሕይወቱ ድንኳኑ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። አጥፍቼው የነበረው ቀይ መብራትም ከቁልፍ ቁልፍ እየዘለለ ይሮጥ ጀመር። ከዳር የነበሩ አንድ ሽማግሌ አማተቡ። የሟች ባለቤት ቀና ብለው አዩኝ። ከድንኳኑ ጀርባ እማማ የሺ ማማሰያቸውን እንደያዙ ሮጠው ገቡና "ምን ወደቀ? ማን ተጎዳ?" አሉ።

ቢኒያም ከኋላዬ ነበር የተቀመጠው። ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ስንተኛ ሌቭል ደረሱ?" አለኝ።

ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጸሐፊያችን ጨዋታውን ሲጨርሱ ስም ይጠሩልናል።"

ስም መጥራት ጀመርኩ። እማማ የሺ ጋ ስደርስ፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት ለእሳቸው ቢሆንም፣ ድምፁን ሰምተው መጥተው ፊቴ ስለቆሙ "አለሁ!" ብለው መለሱ። ለእሳቸው ፕሮግራሙ አላስፈለገም። ጀርባ የቀሩት ሁለት ሴቶች ስም ላይ ግን "ሥራ ላይ" የሚል ወጣ። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አዩና "እነዚህ አይቀጡም ማለት ነው?" ብለው ጠየቁ። "አይቀጡም" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅጣት ስል ውሳኔው ትዝ አለኝ። ለቅሶ ቤት የጮኸው የእኔ ነው። አንድ ጎረቤቴ፣ "ውሳኔው ስለ ስልክ እንጂ ስለ ላፕቶፕ አይልም" ብሎ ሊከላከልልኝ ሞከረ። እውነቱን ነው፤ አይልም። ግን ድምፅ ድምፅ ነው። የራሴን ስም ፈልጌ ቅጣት አስገባሁበት። በፕሮግራሙ የተመዘገበው የመጀመሪያው ቅጣት የእኔ ነው።

እድሩ ፕሮግራሙን ተቀበለ። የሟችን ባለቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አላስቀየሙኝም። ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲበራ ብቻ የሚያሰማውን ድምፅ ሳምራዊት አጠፋችው፤ ከዚያ በፊት ግን ደግማ ደጋግማ ሰምታዋለች። ፕላስተሩን እኔ ራሴ ላጥኩት። በዚያ ቀን ያሳፈረኝ የጌም ላፕቶፕ መግዛቴ አይደለም፤ መደበቄ ነው። ሰው አምኖበት ያደረገውን ነገር በፕላስተር መሸፈን የለበትም። ስለ ጌም ቤቱ ግን ሐሳቤ ያው ነው፤ ለቢኒያምም ነግሬዋለሁ።

አሁን ስም ልጠራ ላፕቶፑን ስከፍት ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። አክብረውኝ ነው ማለት እወድ ነበር። ግን ያለ ምንም ድምፅ ሲበራ፣ አንዳንዶቹ ፊት ላይ ቅር መሰኘት አያለሁ።