ዜማውን የማይረሳው አማቼ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው እኔ፣ ልጄ፣ ባሏና የባሏ ታላቅ ወንድም ነን። ባሏ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዜማ ያስተምራል፤ ወንድምየው ብልባላ የሚባል አገር ያርሳል። መሬት ከተደለደለ ወዲህ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስላላቸው እየተቀናጁ ያርሱ ነበር። ሽማግሌዎቹንም እጨምራለሁ፤ ባልጨምራቸው ደስ ባለኝ።

አማቼን አንድ በጋ ትኩሳት ጣለው፤ ወደ አንጎሉም ዘለቀ። ሲነሳ ድምፁም ዕውቀቱም እንደነበረ ነው፤ ጧት የነገሩትን ግን ከሰዓት አያውቀውም። ደሴ ያየው ሐኪም፣ የተጎዳው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው አለን። እኔ ፊደል የለየሁት በራሴ ነው። የልጄን የባዮሎጂ መጽሐፍ ይዤ እስኪገባኝ ታገልኩ። ዛሬ ያየነውና የሰማነው በዚያ ክፍል ያልፋል፤ ሴሎቹ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሱ ያያይዙታል። አብረው የተቀሰቀሱት ትስስራቸው ስለሚጠነክር፣ በኋላ አንዱ ሲነካ ሌላውም ይነሳል። ትዝታው ሲቆይ በሌላው የአንጎል ክፍል ይሰፍራል። ሂፖካምፐሱ ሲጎዳ እንግዲህ የድሮው ይቀራል፤ አዲሱ አይያዝም።

በግንቦት አማቼ ለዘር ከወንድሙ ጋር ሊቀናጅ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባ። በሳምንቱ፣ ልጄ ገበያ በሄደችበት፣ ጎረቤት በሬውን ለእርሻው ሲለምነው አዋሰው። ዝናቡ መጣ፤ ወንድምየው ባንድ በሬ ቆሞ ቀረ።

ሸንጎ ተቀመጥን።

«ቃል ገብተሃል?» አሉት ሽማግሌዎቹ።

«አልገባሁም፣ እግዜር ምስክሬ ነው» ብሎ ማለ አማቼ።

«ትኩሳቱ መርጦ የበላው የኔን ቃል ነው?» አለ ወንድምየው።

ሐኪሙ ያለውን አስረዳሁ። ትልቁ ሽማግሌ ሳቁ። «ጌታው፣ የአማችዎን ራስ ከፍተው አዩት እንዴ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። «ይፈተን። ዜማ በል!»

በእኛ አገር የሰው አእምሮ የሚለካው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት በያዘው ነው። አማቼ ከነምልክቱ አንዲት ሳያጎድል አዜመ። በሕይወቴ ዜማ የጠላሁት ያን ቀን ነው።

«ይኼን ሁሉ የያዘ ራስ የሰሞኑ ቃል ጠፋው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እሱ የልጅነቱ ነው! ጧት የበላውን ጠይቁት!» ብዬ ጮኽኩ።

«እሱንማ ሆዱ ያውቀዋል» አለ ወንድምየው። የጠየቀው የለም።

በሐሰት ማለ ተባለ፤ በሬው ለወንድሙ ካሳ ሆነ። በማግስቱ አማቼ እንደ ድሮ ልማዱ ቀንበር ተሸክሞ ወንድሙ ደጅ ቆመ።

«ጋሼ፣ መች እንቀናጅ?»

«ደግሞ ልታፌዝብኝ መጣህ!» ብሎ በዱላ ግንባሩን ፈነከተው።

ሄድኩበት። «ትናንት በሬውን የነጠቅኸው ሰው ጤነኛ ቢሆን ዛሬ ቀንበር ይዞልህ ይመጣል? አንተ ደንቆሮ!» አልኩት። ፊቱን አየሁ፤ ገብቶታል። በሬውን ግን አልመለሰም። ያልገባውን ሰው ይቅር ማለት ይቻላል፤ ገብቶት እልኸኛ የሚሆነውን ግን ዛሬም ይቅር አላልኩም።

በሐሰት ከማለ ሰው ልጁን የሚያስተምር የለምና ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ ልጄ ባሏን ይዛ እኔ ቤት ገባች። እሱ በሬውን ፍለጋ በረት ይገባል፤ እሷ እንደ አዲስ ትነግረዋለች፤ እሱም እንደ አዲስ ያለቅሳል። ወንድምየውም ገብሱን ዘግይቶ ስለዘራ ውርጭ በላው፤ ሁለቱንም በሬ ለእህል ሸጠ። ሁላችንም ያጣነው ሲደመር ይኼ ነው፦ ሁለት በሬ፣ ያንድ ዓመት እህልና አንድ የዜማ ቤት።